ሥራ የሚያደርስ ሳይክል፦ ስፖርት ነው ወይስ መጓጓዣ?

ጠዋት ከአቶቴ ወደ ፒያሳ በሚወስደው የሐዋሳ መንገድ ዳር ለአሥር ደቂቃ ብትቆሙ ብዙ ሳይክል ያልፋችኋል። ደብተሩን ከኋላ መጫኛው ላይ ያሰረ ተማሪ አለ። የመሣሪያ ከረጢቱን መሪው ላይ ያንጠለጠለ አናጺ አለ። ጓደኛውን አፈናጦ የሚነዳም አይጠፋም። አንዳንዴ ደግሞ ሄልሜት ያጠለቀ፣ ጠባብ ቁምጣ የለበሰ ወጣት አንገቱን ደፍቶ ሽው ይላል።

የመጨረሻው ልጅ ምን እያደረገ እንደሆነ ብትጠየቁ "ስፖርት እየሠራ ነው" ትላላችሁ። አናጺውስ? "ሥራ እየሄደ ነዋ!" ሁለቱም ግን ፔዳል እየረገጡ ነው፤ የሁለቱም ልብ ከወትሮው ፈጠን ብሎ ይመታል፤ ሁለቱም ያልባቸዋል። ታዲያ አንዱን ስፖርተኛ፣ ሌላውን መንገደኛ ያሰኘው ምንድን ነው? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ይመስላል። ታሪኩን ስንከተለው ግን መጨረሻው መንገድ ለማን ይሠራል ወደሚል ጉዳይ ያደርሰናል።

ቃሉ ራሱ ከየት መጣ?

"ስፖርት" ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከድሮ ፈረንሳይኛ ነው። "ደስፖርት" ማለት መዝናናት፣ ከሥራና ከሐሳብ ዘወር ማለት ነበር። እንግሊዞች መጀመሪያውን ቆርጠው "ስፖርት" አሉት። ስለዚህ በትውልዱ ስፖርት የሥራ ተቃራኒ ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ደግሞ አስቂኝ ነገር ሆነ። በአማርኛ "ስፖርት ተዝናናሁ" አንልም፤ "ስፖርት ሠራሁ" ነው የምንለው። ከሥራ መሸሻ የነበረው ቃል እኛ አፍ ላይ ራሱ ሥራ ሆኖ አረፈው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ግን ልዩነቱ ቀልድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1879 ታዋቂው የሄንሊ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር "አማተር" ማን እንደሆነ ሲወስን፣ በደመወዝ የሚሠራ መካኒክን፣ የእጅ ባለሙያንና የጉልበት ሠራተኛን ከተወዳዳሪነት አገለለ። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ ጉልበቱን በሥራ ያፈረጠመ ሰው ቢሮ ከሚውል ጨዋ ጋር እኩል ሊወዳደር አይገባም የሚል ነበር። ነገሩን አስቡት። የሠራተኛው ጡንቻ ያስፈራል፤ ጡንቻውን የገነባው ድካም ግን እንደ ስፖርት አይቆጠርም።

ዛሬ እንዲህ ያለ ደንብ የለም። ያም ሆኖ ከመዝናናት የመጣው ሐሳብ አልጠፋም። የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው የስፖርት ቻርተር ስፖርት ማለት የአካል ብቃትንና የአእምሮ ደኅንነትን ለማሻሻል፣ ማኅበራዊ ግንኙነት ለመፍጠር ወይም በውድድር ውጤት ለማምጣት ታስቦ የሚደረግ ማንኛውም የአካል እንቅስቃሴ ነው። ቁልፉ "ታስቦ" የሚለው ነው። በዚህ ትርጉም ከሄድን የኛ አናጺ ስፖርተኛ አይደለም፤ ያሰበው ሥራ መድረስን ነውና።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ፈረስ ጭኖ ገበያ የሚሄድ ገበሬን "ጉግስ እየተጫወተ ነው" የሚል የለም። ፈረሱ ያው ፈረስ ነው፤ ጉግስ የሚሆነው ግን ሜዳ፣ ተጋጣሚና የጨዋታ ደንብ ሲኖር ነው። ብስክሌት ጋ ስንደርስ ይህ ድንበር ይደበዝዛል።

መንታ ሆነው የተወለዱ

የብስክሌት ቅድመ አያት እ.ኤ.አ. በ1817 ጀርመናዊው ካርል ድራይስ የሠራው ባለ ሁለት ጎማ እንጨት ነው። ፔዳል አልነበረውም፤ ነጂው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ይሄድ ነበር። በ1860ዎቹ ፓሪስ ውስጥ የፊተኛው ጎማ ላይ ፔዳል ተገጠመና መሸጥ ጀመረ። ሻጮቹ ግን ችግር ነበረባቸው። ሕዝቡ ነገሩን የሀብታም ልጆች መጫወቻ አድርጎ ነው ያየው።

መፍትሔው ውድድር ሆነ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 7 ቀን 1869 ከፓሪስ እስከ ሩዋን 123 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን ውድድር ተካሄደ። ከአዘጋጆቹ መካከል ብስክሌት የሚያመርቱት የኦሊቪዬ ወንድማማቾች ነበሩ። ዓላማው ይህ ዕቃ ሰውን ሩቅ ቦታ ሊያደርስ እንደሚችል ማሳየት ነበር። ደንቡ ደግሞ ብስክሌቱን በውሻ ማስጎተትንና ሸራ መወጠርን ይከለክላል! ያሸነፈው እንግሊዛዊው ጄምስ ሙር ሲሆን የወሰደበት ከ10 ሰዓታት በላይ ነው። አማካይ ፍጥነቱን ብታሰሉት በሰዓት ከ12 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ ዝም ብሎ ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይነዳል። በዓለም የመጀመሪያው የረጅም ርቀት የጎዳና ውድድር አሸናፊ ከኛ አናጺ ኋላ ይቀራል ማለት ነው።

እርግጥ ሙር የነዳው ከባድ ብስክሌት ነው፤ መንገዱም ኮረኮንች ነበር። ቁምነገሩ ሌላ ነው። ያ ውድድር የተዘጋጀው ስለ መጓጓዣ ለመመስከር ነው። ስፖርቱና መጓጓዣው ከአንድ ማኅፀን ወጡ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ለውጦች ብስክሌትን የሠራተኛው አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1885 እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሁለቱ ጎማዎቹ ተቀራራቢ መጠን ያላቸውና ኃይሉ በካቴና ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ ብስክሌት አቀረበ። ዛሬ የምንነዳው በመሠረቱ ያው ነው። በ1888 ደግሞ ጆን ደንሎፕ በአየር የሚነፋ ጎማ ሠራ፤ መጀመሪያ የሞከረው በልጁ ባለ ሦስት እግር ሳይክል ላይ ነበር። በ1903 "ሎቶ" የተባለ የፈረንሳይ ጋዜጣ ሽያጩን ለማሳደግ ቱር ደ ፍራንስን ጀመረ። የመጀመሪያው አሸናፊ ሞሪስ ጋረን በልጅነቱ የጭስ ማውጫ ጠራጊ ነበር። ሄንሊ ያባረረችው ዓይነት ሰው የብስክሌት ጀግና ሆነ።

ብስክሌት ወደ እኛ ሲመጣ

ጎሚስታ ጋ ቆም ብላችሁ የሚነገረውን አድምጡ። ጎማ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ካቴና፤ ሁሉም የጣልያንኛ ቃላት ናቸው። "ብስክሌት" ራሱ ከ"ቢቺክሌታ" የመጣ ነው። ቃላቱ በአካባቢያችን ብስክሌትን በስፋት ያስተዋወቀው ማን እንደሆነ ይነግሩናል።

በጣልያን ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ኤርትራ የብስክሌት ውድድር በመጀመሪያ የጣልያኖች ብቻ ነበር። የአገሬው ሰው ብስክሌት መንዳት ይችላል፤ ዕቃ ያመላልስበታል፤ ከጣልያን ጋር እንዲወዳደር ግን አይፈቀድለትም። እ.ኤ.አ. በ1939 ግን አንድ ላይ እንዲወዳደሩ ተደረገና ኤርትራዊው ገብረማርያም ገብሩ አሸነፈ። "ስፖርተኛ" የሚለው ስም ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው የእግር ጉልበት ብቻ እንዳልነበረ ይህም ይመሰክራል።

በ1949 ዓ.ም. ኅዳር ወር ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ ተሳተፈች፤ ቦታው ሜልበርን ነበር። ብዙዎቻችን የኦሎምፒክ ታሪካችን በአበበ ቢቂላ የሚጀምር ይመስለናል። ከሮም በፊት ግን ሜልበርን የሄዱ 12 ስፖርተኞች ነበሩ፤ ከእነሱ ውስጥ 4ቱ ብስክሌተኞች ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱ ገረመው ደንቦባ ነው። ኤርትራ በዚያን ጊዜ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተሳሰረች ስለነበረች ቡድኑ የጋራ ነበር። ብስክሌት እንግዲህ ከሩጫ እኩል የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ስፖርታችን ነው። ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ይህ የውድድሩ መስመር ነው። የመጓጓዣው መስመር ደግሞ ብዙ ሳይወራለት በየከተማው ቀጠለ፤ በተለይ ሜዳ በሆኑት እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉት።

ለምን ሐዋሳ?

ሐዋሳ ልጅ ከተማ ናት። በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩት በራስ መንገሻ ሥዩም ጊዜ ተቆረቆረች። ሐይቁና ከተማዋ ያሉት በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በጥንት ጊዜ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መሬቱ በሰመጠበት ሰፊ ገንዳ ላይ ነው። ገንዳው በአመድና በሐይቅ ደለል እየተሞላ ሄዶ ሜዳ ሆነ። የታቦር ተራራን ብትተዉት አብዛኛው የከተማው መንገድ ለጥ ያለ ነው።

ይህ ለሳይክል ምን ያህል እንደሚጠቅም በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ሜዳ ላይ የሚነዳ ሰው የሚታገለው ሁለት ነገር ነው፦ የጎማውን መንከባለል የሚይዘውን ተቃውሞና የአየሩን ግፊት። ሰውና ሳይክል አንድ ላይ 85 ኪሎ ግራም ቢሆኑና ፍጥነቱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ለተራ ጎማና ቀጥ ብሎ ለተቀመጠ ነጂ የመጀመሪያው 28 ዋት፣ ሁለተኛው 22 ዋት ያህል ይፈልጋል። ድምሩ 50 ዋት ነው። ጤነኛ ሰው ይህን ሳያለከልክ ለአንድ ሰዓት ሊያወጣ ይችላል።

አሁን መንገዱን ትንሽ እናዘንብለው፤ በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር የሚወጣ ዳገት ይሁን። ፍጥነቱን ሳይቀንስ ለመውጣት ተጨማሪ 174 ዋት ያስፈልገዋል፤ ማለትም በድምሩ ከአራት እጥፍ በላይ። ይህንን የሚችለው የሠለጠነ ሰው ነው፤ ሌላው ወይ በጣም ያዘግማል ወይ ወርዶ ይገፋል። አዲስ አበባ ከደቡብ ጫፏ እስከ እንጦጦ አናት ከ800 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። እዚያ ሥራ ለመሄድ ሳይክል የሚነዳ ሰው ወደደም ጠላም ስፖርተኛ ይሆናል። ሐዋሳ ላይ ግን ሸሚዝ እንደለበሱ መድረስ ይቻላል። ሳይክል የሐዋሳ የዕለት ተዕለት ዕቃ የሆነው ስፖርትነቱ ስለቀነሰ ነው ማለት ይቻላል።

ቀላል ከሆነ ታዲያ ለሰውነት ምን ይጠቅማል?

ለልብ ሥራና ስፖርት አንድ ናቸው?

ይህን ጥያቄ በደንብ የመለሰው የአውቶቡስ ታሪክ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዛዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስ በለንደን ባለ ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩ ሰዎችን ማጥናት ጀመረ። በአንዱ አውቶቡስ ሁለት ሠራተኞች አሉ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል። ትኬት ቆራጩ በቀን ከ500 እስከ 750 የሚደርስ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። መሥሪያ ቤቱ አንድ ነው፤ ኑሯቸውም ተቀራራቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ትኬት ቆራጮቹ በልብ ድካም የሚያዙት ከሾፌሮቹ ባነሰ ቁጥር ነበር፤ ሲያዛቸውም ቀለል ይልላቸው ነበር። በእግርና በብስክሌት ደብዳቤ የሚያድሉ ፖስተኞችም ቢሮ ከሚቀመጡት ባልደረቦቻቸው የተሻሉ ሆነው ተገኙ።

ሞሪስ ጥሩ ሳይንቲስት ስለነበር የራሱን ውጤት ተጠራጠረ። ምናልባት ሾፌር የሚሆነው ከመጀመሪያውም ወፍራም የሆነው ሰው ቢሆንስ? የደንብ ልብስ መዝገብ አስመጥቶ የወገብ ልክ አስተያየ። እውነትም ሾፌሮቹ ገና ወጣት እያሉ ወገባቸው ሰፋ ያለ ነበር። ልዩነቱ በሙሉ የደረጃው ውጤት እንዳልሆነ ራሱ አሳየ። ያም ሆኖ ከእሱ በኋላ በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች ዋናውን ሐሳብ አጽንተውታል።

ከእነዚህ አንዱ ሳይክልን በቀጥታ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የኮፐንሃገን ጥናት፣ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩትን ስፖርት ጭምር በሒሳብ ካስገባ በኋላ፣ በሳይክል ሥራ የማይሄዱት ሰዎች የሞት መጠን ከሚሄዱት በ39 በመቶ ከፍ ብሎ አገኘው። እዚህም የሞሪስን ጥርጣሬ እንዋስ፦ ከመጀመሪያውም ጤነኛ የሆነው ሰው ይሆን ሳይክል የመረጠው? ይህ በከፊል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ 39ኙን በሙሉ ለሳይክሉ አንሰጥም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ተመራማሪዎች የአካል ጥረትን "ሜት" በሚባል መለኪያ ይለካሉ። ዝም ብሎ መቀመጥ 1 ሜት ነው። ከ3 እስከ 6 መካከለኛ፣ ከ6 በላይ ደግሞ ከባድ ይባላል። በሰዓት ከ16 ኪሎ ሜትር በታች ሳይክል መንዳት 4 ሜት ተብሎ ተመዝግቧል። ቅድም ያሰላነውን 50 ዋት ወደዚህ ብንመነዝረው የምናገኘው 3.7 ያህል ነው፤ ይቀራረባል። ጓደኛ ካፈናጠጣችሁ ወደ 5 ገደማ ያድጋል!

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። አናጺያችን ሥራ ቦታው 5 ኪሎ ሜትር ቢርቅ፣ በ15 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሄጃው 20 ደቂቃ፣ መመለሻው 20 ደቂቃ ነው። በ6 የሥራ ቀን 240 ደቂቃ ይሆናል። ጂም አልከፈለም፤ ቁምጣ አልገዛም፤ ከሚመከረው ግን አልፏል። ድርጅቱ አገሮች የሕዝባቸውን እንቅስቃሴ እንዲለኩበት ያዘጋጀው መጠይቅም ሥራን፣ ጉዞንና የትርፍ ጊዜን ለየብቻ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። "ስፖርት ትሠራለህ?" ብቻ ብለን ብንጠይቀው "ኧረ ጊዜም የለኝ!" ብሎን ያልፍ ነበር።

የኃይሌ ክንድ

"እሺ፣ ለጤና ይጠቅማል፤ ከእውነተኛ ስፖርት ጋር ግን ምን አገናኘው?" የሚል አይጠፋም። መልሱ የሁላችንም ዓይን ሥር ነው ያለው።

ኃይሌ ገብረሥላሴ አርሲ፣ አሰላ አካባቢ ሲያድግ ትምህርት ቤቱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። እየሮጠ ይሄዳል፣ እየሮጠ ይመለሳል፤ ደብተሮቹን በአንድ እጁ ይዞ። በኋላ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ፣ በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ ያያችሁት ከሆነ ግራ ክንዱ ትንሽ ለየት ብሎ ይታጠፋል። ያኔም ደብተር የያዘ ይመስላል። ያ የልጅነት ሩጫ ስፖርት ተብሎ አልተመዘገበም፤ ልጁ ያሰበው እንዳይረፍድበት ነው። ሳንባውና እግሩ ግን ቆጥረውታል።

ይህ ማለት ትምህርት ቤት በእግሩ የሄደ ሁሉ ኃይሌ ይሆናል ማለት አይደለም። ኃይሌ ሻምፒዮን የሆነው ከዚያ በኋላ በዕቅድ፣ በአሠልጣኝና በውድድር ስለሠራ ነው። የሁለቱ ልዩነት እዚህ ላይ ይታየኛል። ስፖርት ማለት ጥረቱን ለራሱ ለጥረቱ ስንል ማደራጀት ነው፤ ሰውነት ግን የተደራጀውንም ያልተደራጀውንም ይቆጥራል።

ስሙ ለምን ያስጨንቀናል?

እንግዲህ የእኔ መልስ ይህ ነው። ሥራ የሚያደርስ ሳይክል በትክክለኛው ትርጉም ስፖርት አይደለም፤ የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ግን ነው። "ስፖርት ነው" ብሎ ማሞገሱ ክፋት ያለው ባይመስልም ከተማን ሊያሳስት ይችላል ብዬ እሰጋለሁ።

ምክንያቱም ስፖርት በኛ አእምሮ ውስጥ የራሱ ቀንና ቦታ አለው፤ እሑድ ጠዋት፣ ስታዲየም፣ ሐይቅ ዳር። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተጀመረው "መንገድ ለሰው" እሑድ ላይ መንገዶችን ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌት ይከፍት ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ልጆች መንገድ መሐል መንዳት የሚለማመዱበት ሌላ ዕድል የላቸውም። አናጺው ግን መንገዱን የሚፈልገው ሰኞ ነው። የሚያስፈልገው ከባጃጅና ከአይሱዙ የተለየ መሥመር፣ ማታ የሚበራ መብራት፣ ገበያው ጋ ሳይክሉን የሚያስርበት ቦታ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞችም እንደዚሁ። ሳይክል ለልብ የሚሰጠው ትርፍ ሁሉ አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላልና።

ይህን የሚል ሰነድ በአገር ደረጃ አለ። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል፤ የሚሸፍነው እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 ያለውን ጊዜ ነው። መራመድና ሳይክል መንዳት እዚያ ላይ የተጻፉት እንደ መጓጓዣ ነው። የቀረው ከወረቀት ወደ አስፋልት ማውረዱ ነው፤ በራሷ ሜዳ ለተፈጠረች ከተማ ደግሞ ወጪው ከሌላው ያነሰ መሆን አለበት።

አንድ እንቅፋት አለ፤ "ሳይክል የድሃ ነው" የሚለው አመለካከት። ገቢ ትንሽ ከፍ ሲል ብዙ ሰው ወደ ባጃጅ ወይም ሞተር ይዞራል፤ ከዚያ የተመቸው ደግሞ ጂም ይመዘገብና የማይንቀሳቀስ ሳይክል ላይ ተቀምጦ ፔዳል ይረግጣል። የሄንሊ ደንብ ቢሞትም ጥላው አልሞተም፤ ተከፍሎበት የወጣ ላብ ክብር አለው፤ ሥራ ለመሄድ የወጣው ግን አይታይም።

እስቲ እናንተም ለአንድ ሳምንት በእግር ወይም በሳይክል የምትጓዙበትን ደቂቃ ደብተራችሁ ላይ መዝግቡና ከ150ው ጋር አስተያዩት። ጓደኛችሁ፣ አባታችሁ ወይም የሰፈራችሁ አናጺም እንዲመዘግቡ ጠይቁ። "እኔ ስፖርት አልሠራም" ከሚሉት ውስጥ ስንቱ አልፎ እንደሚገኝ ታያላችሁ።